ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ሳይጠጡ መኖር

እህቱ_ከቢቸና

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄው የታናሽ ወንድሜን ይመለከታል። 34 ዓመቱ ነው፤ ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣና መጠጥ ካቆመ 5 ሳምንት ሆኖታል። የሚኖረው ቢቸና አጠገብ ከእናትና አባታችን ጋር ነው። እናታችን በየሳምንቱ ለገበያ ጠላ ትጠምቃለች፣ ኑሯችን ከዚያው ነው። አባታችን ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ አረቄ አያጡም። "ከቤቱ ይውጣ፣ ባሕር ዳር ይሂድ" የሚለውን ምክር ሰምተናል፤ አቅሙ የለንም፣ እሱም መሬቱን ጥሎ አይሄድም። ስለዚህ እዚያው ቤት እየኖረ ምን ይደረግ ነው ጥያቄዬ።

አንደኛ፣ ጋኑም ጠጪውም ባለበት ቤት ምን ቢስተካከል ያግዘዋል? ሁለተኛ፣ የ21 ማርያም ማኅበር አለው፤ የመደገስ ተራው በሚመጣው ወር ይደርሰዋል። ጽዋውን እንዴት ያድርገው? ሦስተኛ፣ አባታችን "ልጄ ብቻውን አይንከራተትም፣ ከነገ ወዲያ እኔም አብሬው እተወዋለሁ" ብለዋል። ደስ ብሎናል፤ ግን ጠዋት ሳይቀምሱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያልባቸዋል። ምን እናዘጋጅላቸው?

ጸሎቱን አልተውንም። እጅ የሚሠራውን ነገር ንገሩኝ።

ነርስ_ማርቆስ

እህቴ፣ ከሦስተኛው ልጀምር፤ ሌላው ቢያድር ምንም አይል፣ ይኼ ግን አያድርም። አባታችሁ ከነገ ወዲያ በድንገት እንዳያቆሙ። አሳባቸው የአባት አሳብ ነው፤ ነገር ግን ከወንድምሽ ይልቅ አሁን አደጋ ላይ ያሉት እሳቸው ናቸው።

ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አካሉ አረቄውን ለምዶታል። አረቄ አእምሮን ያደነዝዛል፤ አእምሮ ደግሞ እንዳይደነዝዝ ዓመት ሙሉ ወደ ፊት ሲገፋ ይኖራል። በር ተደግፎ የሚገፋን ሰው አስቢ፤ በሩ ድንገት ሲከፈትለት በግንባሩ ይደፋል። አረቄው በአንድ ቀን ሲቀር የሚሆነው ይኸው ነው።

ሰዓቱን በቀን ላስቀምጥልሽ። የመጨረሻዋን መለኪያ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ጠጡ እንበል። እሑድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ዕረፍት ማጣት ይጀምራል። ከዚያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አንሥቶ እስከ ሰኞ ማታ ድረስ እንደሚጥል በሽታ ሊጥላቸው ይችላል። ከሰኞ ማታ እስከ ረቡዕ ማታ ያለው የከፋው ነው፦ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ያሉበትን ቦታ አለማወቅ፣ የሌለ ሰው ወይም አውሬ ማየት። ሁሉም ሰው እዚህ አይደርስም፤ የደረሰ ግን ካልታከመ ሊሞት ይችላል። ቤተሰቡን የሚያዘናጋው ደግሞ እሑድን በደህና ማለፋቸው ነው። "ተወጣው" ብሎ ሁሉም ወደ ሥራው ሲሄድ ሰኞ ማታ ይመጣል።

ስለዚህ ከማቆማቸው በፊት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይቀርባችኋል፤ ባሕር ዳር ዘመድ ካለ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን። ስትሄዱ በቀን ስንት መለኪያ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ጥሏቸው ያውቅ እንደሆነ፣ ሌላ የሚውጡት መድኃኒት ካለ ንገሯቸው። ሰው አፍሮ 10ሩን 4 ይላል፤ የመድኃኒቱ መጠን በእሱ ስለሚወሰን መቀነሱ ራሳቸውን ነው የሚጎዳው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በቀናት ውስጥ እየተቀነሰ የሚሄድ ዲያዞፓም እና የቪታሚን ቢ1 መርፌ ነው። ቢ1 የሚቀድመው ከግሉኮስ ነው። ለዓመታት ጠጥቶ ምግብ የተወ ሰው ቢ1 ሳይሰጠው ግሉኮስ ቢገባለት አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። መንደር ውስጥ "ደክሞታል" ተብሎ ቶሎ ግሉኮስ የሚሰቀልበት ቦታ ስላለ ይህችን ያዥልኝ።

ዲያዞፓሙን ከፋርማሲ ገዝታችሁ በራሳችሁ እንዳትሰጧቸው። ዲያዞፓምና አረቄ አንድ ላይ ትንፋሽ ያቆማሉ።

በመሀል ቢጥላቸው፦ በጎን አስተኟቸው፣ ምድጃውንና ድንጋዩን ከአጠገባቸው አርቁ፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ፈታ አድርጉ። አፋቸው ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱ፣ አትጫኗቸው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቁ ከደገማቸው በተገኘው መኪና መውሰድ ነው። በተለይ ሦስተኛው ቀን ላይ የሌለ ሲያዩና ሲጮኹ "ጋኔን ነው" ተብሎ አስሮ ጠበል መውሰድ አለ። ጠበሉን አልቃወምም፤ ግን ከሕክምናው በኋላ፣ ወይም መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይሁን። በዚያ ሰዓት ያለ ምግብና ያለ መድኃኒት በቀዝቃዛ ውኃ ማሰንበት ሰው ይገድላል።

ስለ ወንድምሽ ማታ እመለሳለሁ።

ግራዋና_ወይራ

ነርሷ የተናገረችው ላይ አልጨምርም። የጋኑን ነገር ግን ለእኔ ተዪው።

ጠላ ቤት ውስጥ ሰው የሚፈተነው ጠላው ሲደርስ ይመስላችኋል። አይደለም። ፈተናው ጋኑ በግራዋ ታሽቶ በወይራ ሲታጠን ይጀምራል። ያ ጭስ ከጥንስሱ በፊት ነው የሚመጣው፤ አፍንጫ ግን የሚቀጥለውን ሁሉ ያውቀዋል፣ ጠጪው ምራቁን ይውጣል። ከዚያ ጌሾው ይዘፈዘፋል፣ 2 ወይም 3 ቀን ነው። ብቅሉና ቂጣው ይገባል። ከዚያ ደረቆቱ ወይም እንኩሮው ገብቶ ድፍድፍ ሆኖ ይታፈናል። በመጨረሻ ጋኑ ተከፍቶ ውኃ ይገባበታል። እናታችሁ በየሳምንቱ የሚጠምቁ ከሆነ አንዱ ጋን ሲያልቅ ሌላው እየፈላ ነው ማለት ነው፤ ቤቱ ሽታ የሌለው ቀን የለውም። ስለዚህ "ጠላ ባለ ቀን ይራቅ" ብሎ ነገር አይሠራም። መውጣት ያለበት ጋኑ ነው።

ወደ ማድ ቤቱ፣ ወይም ለብቻው ወደሚሠራ ዳስ ይውጣ። ባዶውን አውጡት፤ ሙሉ ጋን ሲንቀሳቀስ ወይ ይሰነጠቃል ወይ አተላው ተበጥብጦ ጠላው ይበላሻል። አሁን ያለው እስኪያልቅ ጠብቁና የሚቀጥለውን ውጭ ጠንስሱ። የሚከሽፈው የት እንደሆነ ልንገርሽ፦ የእናንተ አገር ብርድ ነው፣ ማድ ቤት ደግሞ ሌሊት እሳት የለውም፤ ድፍድፉ ይዘገያል። እናት "ጠላዬ ሞተብኝ" ብለው ጋኑን በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቤት ይመልሱታል። እንዳይመልሱት ጋኑን ከሥር ገለባ አንጥፉለት፣ ዙሪያውን በገለባና በጆንያ ጠቅልሉት፣ ከምድጃው ጎን አድርጉት፣ ቀኑንም ከወትሮው 2 ወይም 3 ቀን ጨምሩለት። ለገበያው ቀድሞ መጠንሰስ ነው።

ሽያጩም በሩ ይለይ። ጠጪ የሚቀመጥበት መደብ እሱ ከሚተኛበት ክፍል ጋር አንድ ከሆነ ሌላው ሁሉ ድካም ነው። ዳሱ በመንገድ በኩል ይከፈት፣ ምልክቱ ጣሳ እዚያ ይሰቀል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይውረድ። 12 ሰዓት ላይ ጣሳው መውረዱን መንደሩ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል።

ሥራ ክፍፍሉ፦ እንጨት ይፍለጥ፣ ውኃ ያምጣ፣ እህል ያስፈጭ። ጋን ማጠን፣ ጌሾ መውቀጥ፣ ማጥለል፣ መቅዳት፣ ቅምሻ አይሁን። አተላም አይነካ፤ አተላ ከብት የሚያሰክር ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ጣሳ አይጠብ። ሰው ትቶት የሄደው ጭላጭ ስንቱን እንደመለሰ እኔ ነኝ የማውቀው። ማንም አያይም፣ "አንድ ጉንጭ ናት"፣ ደግሞ ሊደፋ የነበረ ነው። ጣሳዎቹ ማታውኑ ይታጠቡ፣ ያደረ ጣሳ አይኑር።

አረቄው ደግሞ በምን ነው የሚቀመጠው? በሃይላንድ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። አረቄና ውኃ በሃይላንድ ውስጥ አይለዩም። ሌሊት ጠምቶት በጨለማ አንሥቶ የጎነጨ ሰው ጥፋቱ የማን ነው? ቢጫ ጀሪካን ወይም ጥቁር ጠርሙስ ይሁን፣ ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ፣ ቁልፉ እናት ጋ ይዋል።

አያ_ሞላ_ባይ

ኧረ ይኼ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው? ሰውዬው አረቄውን ይተው፣ ቅራሪ ቢጠጣ ምን ይሆናል? ቅራሪ ምግብ ነው። አባቶቻችን ቅራሪ ጠጥተው ነው ሲያርሱ የዋሉት።

ነርስ_ማርቆስ

አያ ሞላ፣ ይህን የሚሉ ብዙ ስለሆኑ ባይቆጡኝ አብረን እንቁጠረው። ጠላ እንደ አጠማመቁ ከ2 እስከ 6 በመቶ አልኮል አለው። ቅራሪውን በዝቅተኛው፣ በ2 በመቶ እንያዘው። አረቄን 40 በመቶ፣ መለኪያውን 50 ሚሊ ሊትር እንበል፤ አንዱ መለኪያ 20 ሚሊ ሊትር አልኮል ይዟል። 1 ሊትር ቅራሪም ውስጥ ያለው 20 ሚሊ ሊትር ነው። እርሻ ላይ የዋለ ሰው 3 ሊትር ቅራሪ ቢጠጣ 3 መለኪያ አረቄ ጠጣ። ቀስ ብሎ ስለሚገባና ሆድ ስለሚሞላ አያንገዳግድም እንጂ ተቆጥሯል። 4 በመቶ የሆነ ደኅና ጠላ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሊትር 2 መለኪያ ነው።

ላልታመመ ሰው ክርክሩ ሌላ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ለወጣ ሰው ግን ቅራሪ የአረቄ በር ነው።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ፣ እህቴ። 5 ሳምንት ማለት መንቀጥቀጡና ላቡ ያለፈበት፣ እንቅልፉ ግን ገና ያልተመለሰበት ጊዜ ነው። እንቅልፍ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊረበሽ ይችላል። ይህን አለማወቅ ነው ብዙዎችን "አንዲት መለኪያ ለእንቅልፍ" የሚያሰኛቸው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡና አይጠጣ፤ ሦስተኛው በረካ እስከ እኩለ ሌሊት ዓይን ይገልጣል። በአንድ ሰዓት ይተኛ፣ በአንድ ሰዓት ይነሣ።

አምሮቱ የሚከብደው ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ነው፤ ሥራ ያልቃል፣ ሆድ ባዶ ነው፣ ጠጪው ይሰበሰባል። በ11 ሰዓት በሶ ይብላ፣ ማር ካለ በማር። እራት እስኪደርስ አይጠብቅ፤ ረኃብና አምሮት ይመሳሰላሉ፣ ሰው ሊያምታታቸው ይችላል። አምሮት ደግሞ ይወጣና ይወርዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ያን ያህል ጊዜ ከቤት የሚያስወጣው የታወቀ ሥራ ይኑረው፦ ከብት ማስገባት፣ ውኃ መቅዳት፣ ሠርክ ጸሎት። ሲመጣበት የሚፈልገው ሥራ አይሁን፣ በየቀኑ በዚያ ሰዓት የሚሄድበት ይሁን።

ቢስት ምን ይደረግ? ይህን ዛሬ ተነጋገሩበት፣ ሲሆን አይደለም። አንድ ጣሳ የጠጣ ሰው አንድ ጣሳ ጠጣ፤ ቤተሰቡ "አለቀልህ፣ 5 ሳምንት በከንቱ" ሲል ነው 10 የሚሆነው። ለማን እንደሚናገር አስቀድሞ ይወሰን፣ ያ ሰውም አይጩህ። ሁለተኛው ነገር፣ ድሮ የሚችለውን መጠን አሁን አይችለውም፤ የድሮውን ጠርሙስ በአንድ ማታ ቢጨርስ ሊሞት ይችላል። ሦስተኛ፣ ከሳተ በኋላ ለቀናት በተከታታይ ከጠጣ እንደ አባቱ ሁሉ በድንገት አያቁም፣ ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቁ።

የጽዋ_ተራ

የማኅበሩን እኔ ልሞክር።

መጀመሪያ የማኅበሩን ሙሴና የንስሐ አባቱን ከሳምንት በፊት ያነጋግር። በዕለቱ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ጽዋ ሲዘረጋለት "አልጠጣም" ማለት እሱንም ሙሴውንም ያስጨንቃል። አስቀድሞ ከተነገረ ግን ዳቦውን ቀምሶ ጸሎቱን ተቀብሎ ጽዋውን ተሳልሞ ማሳለፍ ወይም በጽዋው ጠበል እንዲቀዳለት ማድረግ ይቻላል። እንዴት እንደሚሆን የንስሐ አባቱ ይወስኑለት። እኔ ያየሁት ካህን ሁሉ ሰው ከስካር ሲወጣ ደስ የሚለው ነው።

የመደገስ ተራውን፣ እኔን ብትጠይቂኝ፣ ከ3 ወር በኋላ ተራው ከሚደርሰው ሰው ጋር ይለዋወጥ። ተራ መለዋወጥ ማኅበር ውስጥ ነውር አይደለም፤ ሐዘን ሲደርስ፣ ወሊድ ሲሆን የሚደረግ ነው። መለዋወጥ ካልተቻለ ጠላው በአክስት ወይም በጎረቤት ቤት ይጠመቅና በዕለቱ ጠዋት በእንስራ ይምጣ። እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው ማግስቱን ነው። የማኅበር ዕለት ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ካህናት አሉ፣ ዓይን አለ፤ እሱ አይጠጣም። በ22 ጠዋት ግን ቤቱ ጭር ብሎ ግማሽ እንስራ ተርፎ ይቀመጣል፣ "ዝክር አይደፋም" እየተባለ ጎረቤት ይጠራል። ስለዚህ የተረፈው በዚያው ማታ ከነእንስራው ወደ መጣበት ይመለስ።

ሰው ቤት ሲጠራስ? ሁላችሁም ስለ እንግዳው ታወራላችሁ፤ ዋናው ሰው አሳላፊው ነው። አሳላፊ ሥራው ባዶ ዕቃ መፈለግ ነው። ዕቃህ ባዶ ከሆነ ይሞላል፣ እምቢ ካልክ ድምፁን ከፍ አድርጎ "በሞቴ!" ይላል፣ ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ ሲገባ አሳላፊውን በር ላይ ያግኝ፣ "ለእኔ ውኃ፣ ሌላ አታምጣ" ይበለው። ከተቀመጠ በኋላ ዕቃው ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን፤ ግማሽ ሲደርስ ራሱ ያስሞላ። ባዶ ዕቃ ይዞ መቀመጥ ጥሪ ነው።

ምክንያት አይደርድር። "ጾም ይዤ ነው" ቢል ጾሙ ይፈታል። "መድኃኒት ጀምሬ ነው" ቢል "መቼ ትጨርሳለህ?" ይሉታል፣ ቀን ይቆርጡለታል። "አሞኝ ነው" ቢል በሚቀጥለው "ተሻለህ አይደል!" ብለው ይቀዱለታል። "ትቼዋለሁ" ይበል፣ በዚያው ይብቃ። "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ሲሉት ደግሞ በባዶ እጅ እምቢ አይበል። እኛ አገር የሚያስከፋው አለመጠጣቱ አይደለም፣ ከሰው እጅ አለመቀበሉ ነው። "ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ይልቅ ከዳቦው ይቁረሱልኝ" ብሎ ሁለት እጁን ይዘርጋ። የሰጪው እጅ ባዶ አልተመለሰም፣ ይሉኝታውም ተፈታ። ከዚያ ከበላና ከተመረቀ ይነሣ፤ ሁለተኛው ዙር ላይ የሚቀመጥ ሰው ከውኃ ጋር ብቻውን ይቀራል።

ስለ ግዝት አንድ ቃል። አንዳንድ ቤተሰብ "በካህን ይገዘትልን" ይላል። ለአንዳንዱ ይይዛል። ለሌላው ግን አንድ ቀን ሲስት ግዝት እንዳፈረሰ ቆጥሮ ከካህኑም ከቤተሰቡም ይሸሻል፣ ሽሽቱ የት እንደሚያደርሰው ታውቃላችሁ። ሳይፈልግ አይገደድ።

እህቱ_ከቢቸና

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋኑን ለማውጣት እናታችን እሺ ብላለች፣ ብርዱን ነበር የፈራችው፤ ገለባው መልስ ሆነላት። አባታችንን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንዲሄዱ አሳምነናል። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ለድግስ ቀሪቦ ብናዘጋጅለትስ? እሱ ደግሞ ብርድ ላይ ሲያርስ "አረቄ ያሞቅ ነበር" ይላል።

ግራዋና_ወይራ

ቀሪቦ ላይ ተጠንቀቁ። እርሾና ስኳር ገብቶበት የሚያድር ነገር ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ለስላሳ ነው፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ግን ስኳሩ እየተበላ ወደ አልኮል ይሄዳል። ክዳኑ ሲከፈት ቡፍ ካለ ለእሱ አይሆንም። ብርዝም እንዲሁ፤ ማርና ውኃ በጥብጦ ያኔውኑ መጠጣት እንጂ ጌሾ ገብቶ ወይም አድሮ ከሆነ ጠጅ ሊሆን መንገድ ጀምሯል።

እርሾ የሌለውን አድርጉለት። 1 ኪሎ ገብስ ጠቆር እስኪል ቁሉ፣ ሳይፈጭ በ10 ሊትር ውኃ ግማሽ ሰዓት አፍሉ፣ አጥልሉ፣ በስኳር ወይም በማር አጣፍጡ። መልኩ ጠላ ነው፣ ጣሳ ውስጥ ሲቀዳ ማንም አይጠይቀውም። በዚያው ቀን ይለቅ፤ ቢያድር እሱም ራሱ መፍላት ይጀምራል። ግን መልኩ ራሱ አምሮት የሚቀሰቅስበት ሰው አለ፤ ለዚያ ሰው ተልባ ወይም ሎሚ ያለበት ሻይ ይሻላል። ማልታም እንደዚያው ነው፣ የቢራ ሽታ አለው። ሞክሩና ፊቱን እዩት።

ነርስ_ማርቆስ

ብርዱን በተመለከተ፦ አረቄ ቆዳ ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋቸዋል። ደሙ ወደ ቆዳ ሲወጣ ሙቀት ይሰማል፣ ፊት ይቀላል፤ ሙቀቱ ግን ከሆድ ዕቃ ወጥቶ ለንፋሱ እየተሰጠ ነው። ጮቄ ሥር ጠዋት ሲያርስ ሞቀኝ ያለው ሰው በእውነቱ እየቀዘቀዘ ነው። የሚያሞቀው ትኩስ አጥሚትና ደረቅ ጋቢ ነው፤ ላብ ያራሰው ሸሚዝ ይቀየር።

የገበያ_መንገድ

አንድ ነገር አልተነሣም፣ ዱቤው። ድሮ የሚጠጣበት ቤት ዕዳ ካለበት እሱ ሄዶ እንዳይከፍል። ዕዳ ሊከፍል የገባ ሰው ይቀመጣል፣ የከፈለ ሰው ደግሞ "የምርቃት" ይቀዳለታል። አንቺ ክፈዪለት፣ "ከዛሬ ጀምሮ በስሙ አይጻፍ" በያቸው። ባለቤቷ አትጠላም፣ ገንዘቧን አግኝታለች።

ገበያ ቀን ብቻውን አይሂድ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አይቆይ። ጤፍ የሸጠበት ብር እዚያው ለእናት ወይም ለአንቺ ይሰጥ፤ ኪሱ ግን ፈጽሞ ባዶ አይሁን፣ እንደ ሕፃን የተቆጠረ ሰው በንዴት ይጠጣል። ለሻይና ለመመለሻው የሚበቃ ይያዝ። ሲመለስ የሚሸከመው ነገር ይኑረው፤ ጨውም ይሁን ዘይት፣ ሸክም ያለው ሰው መንገድ ላይ አይቀመጥም።

ደቦውም አለ። ለሌላ ሰው ደቦ ሲወጣ ምሳና ውኃውን ይዞ ይሂድ፣ ጠላው በሚዞርበት ሰዓት በሬዎቹን የሚያጠጣው እሱ ይሁን። እሱ ሲጠራ ደግሞ ከደቦ ይልቅ ወንፈል ይሻለዋል፤ ወንፈል ጉልበት በጉልበት ስለሆነ ድግሱ ቀላል ነው። "ያለ ጠላ ማን ይመጣል" ይባላል። የሚመጣው ይቀንሳል፣ እውነት ነው። በቅቤ የራሰ ሽሮና ቡና ካለ ግን ያለ ሰው አይቀርም።

እህቱ_ከቢቸና

ቀጠሮ የሚባል ነገር የለውም፣ ሰኞ ጠዋት ማርቆስ እንሄዳለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሣጥን ውስጥ 2 ጠርሙስ አረቄ ቀርቷል። እናታችን ዛሬ ልድፋው ትላለች። ይደፋ?

ነርስ_ማርቆስ

አይደፋ! ዛሬ ከተደፋ አባታችሁ ሰኞ እስኪደርስ እቤት በድንገት አቆሙ ማለት ነው። ሐኪሙ ጋ እስኪደርሱ የለመዱትን ያህል፣ ሳይጨምሩ፣ እህል ቀምሰው ይውሰዱ። ጠርሙሱ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ እናታችሁ በመለኪያ ይስጧቸው፣ ወንድምሽ በሌለበት ሰዓት። ሰኞ ወደ ማርቆስ ስትነሡ የመጨረሻዋን መለኪያ የጠጡበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ እዚያ መጀመሪያ የምትጠየቂው እሱን ነው። የተረፈውን ጠርሙስ እናታችሁ ያኔ ይድፉት።